አርባ ርምጃ

እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ ቁመቴ የሚለካው በወንዝ ነበር። ሌላው ልጅ የበር መቃን ተደግፎ አናቱ ላይ በእርሳስ ጫር ሲደረግለት፣ እኔ ከቤታችን ደፍ ተነሥቼ እስከ ወንዙ አፋፍ ርምጃዬን እቆጥር ነበር። በወር አንድ ጊዜ፣ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ከቁርስ በኋላ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን እግሬ ረዝሟል ማለት ነው። ይህን ያለኝ አባቴ ነው፤ አባቴ ደግሞ ሥራው መለካት ስለነበር የምጠራጠርበት ምክንያት አልነበረኝም።

ሰፈሩ በሙሉ «ለኪው» ነበር የሚለው። ከቤታችን በታች፣ ውሃው ውስጥ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ቁጥር ያለበት ረጅም ዘንግ ተተክሎ ነበር። አባቴ ጠዋትና ማታ ይወርዳል፣ ውሃው የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ ያያል፣ በደብተሩ ይጽፋል፣ በሳምንቱ መጨረሻ ለመሥሪያ ቤቱ ይልካል። በደረቅ ወራት ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሰው ነበር። ዝናብ ሲመጣ ግን ነጋዴውም አስተማሪውም መንገድ ላይ እያስቆመ «ለኪው፣ ዛሬ እንዴት ዋለ?» ይለዋል። ያኔ አባቴ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ ወንዙ ራሱ የላከው ይመስል፣ ቁጥሩን ይነግራቸዋል።

ቤቱን የሠራው በገዛ እጁ ነው። ከዘንጉ እንዳይርቅ ብሎ ወንዙ ክርኑን በሚያጥፍበት ቦታ፣ በውጪው በኩል ሠራው። ሦስት ክፍል ነበረው። በወንዙ በኩል ያለው የእናቴ ክፍል ነው፤ እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ጥሩ ብርሃን የሚገባውም በዚያ በኩል ነበር። ችግሩ ወንዝ ማየት ያዞራት ነበር። ስለዚህ የመስኮቱን የታችኛውን ግማሽ በወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ ጋርዳ፣ በላይኛው ግማሽ በሚገባው ብርሃን ትሰፋለች። ደንበኞቿ ሲጠይቋት «ብርሃኑን እንጂ ውሃውን መቼ ፈለግሁ» ትላቸዋለች።

እኔ ከክፍል ጓደኞቼ ሁሉ አጭሯ ነበርኩ። ስሜ ተረስቶ «ቅንጣት» ነበር የምባለው፤ ልጆቹ አወጡልኝ፣ አስተማሪዎቹ ወረሱት፣ አባቴም ሳያውቀው ለመደው። ለመርዘም ያልሞከርኩት ነገር የለም። ከበሩ ጉበን ላይ ክንዴ እስኪዝል ተንጠልጥዬ እውል ነበር። ስለዚህ አባቴ የርምጃውን ጨዋታ ሲያመጣልኝ ልቤ ጮቤ ረገጠ። የመጀመሪያው ቀን ዘጠና አራት ርምጃ ቆጠርኩ። ሰባት ዓመቴ ነበር።

«ዘጠና አራት!» ብዬ ከአፋፉ ላይ ጮኽኩ።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆም አለ። «ሰማሁ!» አለች እናቴ ከመስኮቱ። ከዚያ መኪናው ቀጠለ።

በሚቀጥለው ወር ዘጠና አንድ። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ሰማንያ ሦስት። በአንድ ወር ስምንት ርምጃ! መሬት አልበቃኝም። ትምህርት ቤት ሄጄ ለአስተማሪያችን በአንድ ወር ስምንት እንዳደግሁ ነገርኳት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «እግዜር ይጨምርልሽ» አለችኝ። ቀሚሴ ግን አላጠረም። ይህን ልብ ብሎ ያየው ሰው ማን እንደነበረ ያወቅሁት ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ ነው።

ዛሬ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጣመመ ወንዝ እስላለሁ። ውሃ ሲታጠፍ በውጪው በኩል ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ዳሩን ይቦረቡራል እላለሁ፤ በውስጠኛው በኩል ይዘገያል፣ ሲዘገይ የተሸከመውን ደለል ያራግፋል። ስለዚህ ክርኑ ከዓመት ዓመት ወደ ውጪ እየገፋ ይሄዳል። ተማሪዎቼ ይጽፋሉ፣ ፈተና ላይም አይስቱትም። ሁልጊዜ በውጪው ዳር ላይ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ልሥል እጄ ይነሣል፤ መልሼ አወርደዋለሁ።

አባቴም አስተምሮኝ ነበር። አንድ እሑድ ግቢያችን ውስጥ ሰፊ ጣውላ አጋደለና አሸዋ ከመረበት። ከላይ በማንቆርቆሪያ ውሃ ቀስ እያለ አፈሰሰ። ውሃው መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ከዚያ አንዲት ጠጠር አገኘችውና ዞረ፣ ዞሮ ተጣመመ፣ ተጣሞም እየባሰበት ሄደ።

«አየሽ? ወንዝ ቀጥ ብሎ መሄድ አይሆንለትም። ከዚህ ይነክሳል፣ ከታች ይተፋል።»

«ቤታችን የት ነው?»

ትንሽ አሰበ። ከእናቴ ሳጥን የሸሚዝ ቁልፍ አምጪ አለኝ። ነጩን ቁልፍ ከክርኑ ውጪ፣ አሸዋው ላይ አስቀመጠው። ውሃው አሸዋውን እየላሰ እየላሰ ሄደና ቁልፉ ሥር ደረሰ። ቁልፉ ዘመም አለ፣ ከዚያ ጠብ ብሎ ወደቀ። በሳቅ ፈነዳሁ። አባቴ ቀና ሲል እናቴ በሩ ላይ፣ አንገቷ ላይ የስፌት ሜትሯን እንዳንጠለጠለች ቆማ ታየናለች።

«እስኪ ይሄኛውን እይው፣ ሌላም ነገር አለ» አለ አባቴ ተጣድፎ። «እዚህ ላይ፣ ክርኑ በጣም ሲጠመዘዝ፣ አንገቱ ይቀጥናል። አንድ ቀን ውሃው አንገቱን ይበጥስና በአቋራጭ ይሄዳል። የድሮው ክርን ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ኩሬ ደግሞ ማንንም አይነካም።»

ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ አፈሰሰ። ውሃው አንገቱን ሳይበጥስ አለቀ። እናቴ ፊቷን አጥቁራ ወደ ውስጥ ገባች። ቁልፏን ያለፈቃድ ስለወሰድን የተቆጣች መስሎኝ ከጭቃው ውስጥ ፈልጌ፣ አጥቤ፣ ሳጥኗ ውስጥ መለስኩላት።

በዚያው ዓመት ታላቅ እህቴ ሄደች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። «አሁን አድገሻል» አሏት፤ ከተማ አክስቴ ጋ እየኖረች እንድትማር ወሰኑ። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አላለቀሰችም፤ መኪናው ሲነሣ ግን መስታወቱ ላይ ፊቷን ለጥፋ ስታየኝ አንጀቴን በላችው። ማታ ማታ ከእሷ ጋር የምተኛበት አልጋ ሜዳ ሆነብኝ። «አድገሻል» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሽ ያስፈራኝ ጀመር፤ ያም ሆኖ ማደጉን አልተውኩም። ሰባ፣ ስልሳ አራት፣ ሃምሳ ሰባት፣ ሃምሳ አንድ። ወደ ዘጠኝ ዓመቴ ነበርኩ።

ሃምሳ አንድ ባልኩ በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በእናቴ የስፌት ጠረጴዛ ሥር ተኝቼ ቁርጥራጭ ጨርቅ በየቀለሙ እለይ ነበር። አባቴ ገባ። መኖሬን አላየም። የእናቴን እግር ብቻ ነበር የማየው፤ ከፔዳሉ ላይ ወረደ።

«አንተ ሰውዬ፣ እስከ መቼ ነው?» አለችው።

«አንድ ክረምት ስጪኝ አልኩሽ እኮ። ላይ በኩል አንገቱ ቀጥኗል፣ ሄጄ አይቼዋለሁ። በዚህ ክረምት ካልበጠሰው በሚቀጥለው ይበጥሰዋል።»

«ካልበጠሰውስ?»

የአባቴ ጫማ ወለሉ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ሰማሁ።

«ስማኝ። የአንተን ሜትር አላምነውም። ለዚህ ቤት ስትል ሜትሩንም ትስበዋለህ። የልጄ እግር ግን አይዋሽም። አርባ ባለች በማግስቱ እህቴ ጋ ነው። ነግሬያታለሁ፣ ክፍሉን አዘጋጅታለች።»

«እሺ። አርባ።»

«ማልልኝ።»

«ልጆቼን ይንሳኝ!»

ስለ አንገት የሚያወሩት አልገባኝም፤ ስለ እግሬ ያወሩት ግን በደንብ ገባኝ። አርባ ስደርስ «አድገሻል» ልባል ነው። እንደ እህቴ ሻንጣ ሊዘጋጅልኝ ነው፤ ክፍሉም ተዘጋጅቷል። እዚያው ጠረጴዛው ሥር ቀይ ቁራጭ ጨርቅ አፌ ላይ አድርጌ፣ ድምፄ እንዳይሰማ፣ አለቀስኩ። ሲበቃኝ ዓይኔን በዚያው ጨርቅ ጠረግሁና ላለማደግ ወሰንኩ።

በሚቀጥለው ወር ርምጃዬን ትንሽ አሳጠርኩ። «ሃምሳ!» አልኩ። ልጅ ብሆንም ሞኝ አልነበርኩም፤ ቁጥሩ ጭራሽ ባይቀንስ ወይም ቢጨምር እንደሚያስነቃብኝ ገብቶኛል፣ ወደ ኋላ ያደገ ሰው የለምና። ስለዚህ በየወሩ አንድ አንድ እየቆጠብኩ ቀነስኩ። አርባ ዘጠኝ፣ አርባ ስምንት፣ አርባ ሰባት፣ አርባ ስድስት። እዚያ ላይ ፈራሁና ቆምኩ። ሦስት ወር በተከታታይ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አርባ ስድስት!» አልኩ። ርምጃዬ በየወሩ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ተረከዜን ከጣቴ እያስነካሁ ነበር የምራመደው። አፋፉ ጋ ለምን እንደዚያ ቶሎ ቶሎ እንደምደርስ አላሰብኩም። እግሬ ያለፈቃዴ እየረዘመ መስሎኝ እግሬን እረግመው ነበር።

አባቴ አፋፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ዓይኑ እግሬ ላይ ነው። ርምጃዬን ባሳጠርኩበት የመጀመሪያው ቀን ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን «ቀስ በይ፣ የኔ ልጅ። ማን አስቸኮለሽ» አለኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። አባቴ ሊሰደኝ አልፈለገም! ከእኔ ጋር ነው! እናቴ ናት ልትገፋኝ የምትፈልገው ብዬ አሰብኩ፤ ለወራት እናቴን አኮረፍኳት፣ ፀጉሬን ስታበጥረኝ እንኳን አንገቴን አደነድንባት ነበር።

ቁጥሩን ስጮህ መኪናው እንደ ወትሮው ይቆማል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ግን ጸጥታው ረዘም ይል ነበር። «ሰማሁ» የምትለውም ቀረ። ክር እየቀየረች ይመስለኝ ነበር።

ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ እናቴ የትምህርት ቤት ቀሚሴን ጠርዝ እየሰፋች፣ እኔ ወለሉ ላይ ቁልፍ እየደረደርኩ ነበር። ውሃው የሚያሰማው ድምፅ ከመኪናው ድምፅ በልጦ ነበር። ወለሉ ከሥሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቁልፎቹ በራሳቸው ትንሽ ትንሽ ይዘሉ ስለነበር አስቆኛል። አባቴ እንደበሰበሰ ገባ። ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«ነይ ውጪ። ልጅቷንም ያዢ።»

እናቴ እግሯን ከፔዳሉ አላነሣችም። «ስንት ቀረ?»

«ብዙ ነው። ለማንኛውም ብዬ ነው።»

«ስንት ቀረ አልኩህ።»

«አርባ ስድስት ነው ያለችው እኮ፣ ልጅቷ። ምንም አልተለወጠም። ግን ለማንኛውም ውጪ።»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ውሸቴ የተነቃብኝ መስሎኝ ፊቴ ጋለ፤ ቁልፎቼ ላይ አቀረቀርኩ።

«እሺ» አለች፣ ወደ ጨርቁ ተመልሳ። «አርባ ስድስት ከሆነ ይህቺን ጠርዝ ልጨርስ።»

አባቴ እኔን ብድግ አድርጎ ታቅፎኝ ወጣ። በሩን አልፈን ጥቂት እንደሄድን አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ከባድ ጆንያ ከሰው ትከሻ ሲወርድ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። አባቴ ጭቃው ላይ ጣለኝና ተመልሶ ሮጠ።

ክፍሉ ወደ ወንዙ አዘንብሎ ነበር። በተከፈተው በር የሚታየኝ ይኸው ነው፤ ብረቱ መኪና በወለሉ ላይ ተንሸራቶ ሄዶ የእናቴን ቀኝ እጅ ከግድግዳው ጋር አጣብቆታል። ሰማያዊው ጨርቅ ከመስኮቱ ወድቋል። እናቴ ወንዙን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ዓይኗ እያየችው ነበር። አልጮኸችም። የጮኸው አባቴ ነው፣ ሲጎትታት። ሁለቱም ደፉ ላይ ተደፍተው ሲወድቁ ክፍሉ ከነመኪናው፣ ከነቀሚሴ ሄደ።

እጇን ማዳን አልተቻለም። አራት ጣቶቿ ተቆረጡ፤ አውራ ጣቷ ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መርፌ አልያዘችም።

ከሐኪም ቤት ስትወጣ ሁላችንም አክስቴ ጋ ሄድን። አክስቴ ከስንት ወር በፊት ያዘጋጀችውን ክፍል ከፈተችልን። ሁለት ሰው የሚያስተኛ አልጋ ነበረበት፣ አጠገቡም ሁለት ትንንሽ ፍራሾች ጎን ለጎን ተነጥፈው ነበር፤ አንዱ ለእህቴ፣ አንዱ ለእኔ። ደፉ ላይ ቆሜ ቆጠርኳቸው። አራት ሰው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አርባ ማለት ምን እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው። እንደ ሰው ተራምጄ ቢሆን ኖሮ ከወራት በፊት እዚህ ክፍል ውስጥ ነበርን፤ እናቴም ሁለት እጅ ይኖራት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ከእኔ ጋር አደገ።

ከሁለት ክረምት በኋላ ወንዙ አንገቱን በጠሰ። አባቴ ልክ ነበር። ውሃው በአቋራጭ ሄደ፣ የእኛ ክርን ኩሬ ሆነ፤ የቤታችን ግማሽ መሠረት እስከ ዛሬ አፋፉ ላይ እንደቆመ ነው። የተበላው መሬታችን ከታች ባለው ክርን ውስጠኛ ዳር ተራግፎ ሜዳ ሆኗል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ወሬውን የሰማ ቀን አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «በጠሰው» አለ። እናቴ በግራ እጇ ማንኪያ መያዝ እየተለማመደች ነበር።

«እንኳን ደስ አለህ» አለችው፣ ቀና ሳትል።

አባቴ ባለፈው ዓመት ሞተ። ዕቃውን ስናስተካክል ሣጥኑ ሥር የድሮ ደብተሩን አገኘሁት። የውሃው ከፍታ ሳይሆን የእኛ፣ ከደፋችን እስከ አፋፉ ያለው ርቀት ነበር የተጻፈበት። በአንድ በኩል «በሜትር» ይላል፣ በሌላው «የልጅቷ»። ሃያ አምስት ሜትር፣ ሃምሳ አንድ። ሃያ ሁለት ሜትር፣ ሃምሳ። ሃያ ሜትር፣ አርባ ዘጠኝ። እዚህ ላይ ነበር አርባ ማለት የነበረብኝ። ከዚያ አሥራ ስምንት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አንድ። የመጨረሻው ዘጠኝ ሜትር፣ አርባ ስድስት። ከሥሩ በዚያ ጥንቁቅ ጽሕፈቱ ጽፏል፦ «ተረከዟን ከጣቷ እያስነካች ነው የምትራመደው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አልጠየቅኋትም።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። በመጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር፣ አልደብቅም። ቀጥሎ ንዴት መጣ፤ የሞተ ሰው ላይ እጅ አይነሣ ሆኖ ደብተሩን ወረወርኩት። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ያውቅ ነበር። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አልነገርኩትም።

ደብተሩን ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ። ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ አልጋ ላይ ትውላለች እንጂ አእምሮዋ እንደ ምላጭ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። ጠረጴዛው ሥር እንደነበርኩ፣ ላለመሄድ ብዬ እንደዋሸሁ፣ እሱም እያወቀ ዝም እንዳለ። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

«አንቺ ልጅ» አለች በመጨረሻ፣ «ቀሚስሽን ማን ነበር የሚሰፋው?»

«አንቺ።»

«የእግርሽን ርዝመት በጣት አውቀው ነበር። በሁለት ዓመት ሁለት ጣት አላደግሽም። ዘጠና አራቱ ሃምሳ አንድ ሲሆን መሬቱ ነው ያነሰው፣ ያን አውቅ ነበር። አርባ ስድስት ላይ ሲቆም ደግሞ አንቺ ነሽ የቆምሽው። ውሃው ግድግዳዬ ውስጥ ገብቶ እየሰማሁት!»

«ታዲያ ለምን…»

«እሱ ያስዋሸሽ መሰለኝ። በልጄ አፍ ዋሸኝ ብዬ እልህ ያዘኝ። ራሱ መጥቶ፣ ‹አርባ አልፏል› እስኪለኝ ድረስ ከዚያ ወንበር አልነሣም አልኩ። በመጨረሻዋ ቀን እንኳን ጠየቅሁት፣ ሰምተሻል። ይንገረኝ ብዬ ጠየቅሁት። አርባ ስድስት አለኝ።» የተረፈው አውራ ጣቷ አንሶላውን ይደባብስ ነበር። «አንቺን ከጠረጴዛ ሥር ጎትቼ አንድ ቃል ብጠይቅሽ ኖሮ ያልቅ ነበር። እኔም አልጠየቅሁሽም።»

ሁለታችንም አለቀስን። እኔ በድምፅ፣ እሷ በዝምታ። ከዚያ ዓይኗን በአንሶላው ጫፍ ጠረገችና፣

«እስቲ ተነሺ» አለችኝ።

«ምን ላምጣልሽ?»

«ምንም። ከዚህ ከአልጋዬ ተነሥተሽ እስከ በሩ ተራመጂልኝ። እንደ ሰው ተራመጂ።»

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች ድሬያለሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። ጀርባዬን ለአልጋው ሰጥቼ፣ ግራ እግሬን የሚደርሰውን ያህል አርቄ አኖርኩ። ከኋላዬ ድምፅ አውጥታ ትቆጥር ጀመር። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። በአምስተኛው እጄ በሩን ነካ።

ዞሬ አየኋት። በግራ እጇ ከትራሱ ቀና ብላ ነበር።

«አድገሻል» አለችኝ።